የፎቶ ቤቱ የመስታወት ጣሪያ

ሰኞ

ዛሬ ዝናቡ ጀመረ፤ ኮሚሽኑም ተሰበሰበ። ሁለቱ በአንድ ቀን መገጣጠማቸው ጥሩ ምልክት አይደለም። የከተማዋን አሮጌ ቤቶች ከመፍረስ እናድናለን የምንል አምስት ሰዎች፣ የራሳችን ኮርኒስ እንዳይወርድብን ወንበሮቻችንን ወደ ግድግዳው አስጠግተን ነው የምንቀመጠው።

ሰብሳቢያችን ዳኛው ናቸው። ጡረታ የወጡት ከፍርድ ቤት እንጂ ከዳኝነት አይደለም፤ ሻይ ሲታዘዝ እንኳ ግራ ቀኙን ይሰማሉ።

አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፤ በገበያው መንገድ ያለው አሮጌው ፎቶ ቤት። የላይኛው ክፍል ጣሪያው መስታወት ነው። የተሠራው መብራት ወደ ከተማችን ሳይገባ በፊት፣ ሰው በፀሐይ ብርሃን ፎቶ በሚነሳበት ዘመን ነው። እንዲህ ያለ ክፍል በአካባቢያችን ሌላ የለም። አሁን ባለንብረቷ ቤቱን ለመሸጥ ተስማምተዋል፤ ገዢው አፍርሶ ትልቅ ፎቅ ሊያቆም ነው። በቅርስነት ከመዘገብነው ማንም አይነካውም። ካልመዘገብነው ክረምቱ ሲወጣ ይፈርሳል።

«ማን ያጥናው?» አሉ ዳኛው።

እጄን ያነሳሁት ራሴን ለማከክ ነበር። «ጸሐፊያችን ፈቃደኛ ሆነዋል» ብለው አጸደቁት። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ፣ በገዛ እጄ ጻፍኩት።

ረቡዕ

ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቷን በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱንም ካሜራውንም ብቻቸውን ይዘዋል። ደረጃውን ወጥቼ ስገባ አንድ ደንበኛ ጃንጥላ ዘርግቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። «አሁን» ሲሉት ጃንጥላውን ያጥፋል፣ ያነሱታል፣ መልሶ ይዘረጋል። ባልዲው፣ ሳፋው፣ ድስቱ ሁሉ ወለሉ ላይ ተደርድሮ እያንዳንዱ በራሱ ድምፅ ጠብ ጠብ ይላል።

«ከኮሚሽኑ ነኝ» አልኳቸው።

«እንኳን ደህና መጡ። ያችን ባልዲ ይድፉልኝ» አሉኝ።

ደፋሁ። ስመለስ፣ «ቤቱን ልትመዘግቡት ነው አሉ» አሉኝ።

«ገና ጥናት ላይ ነው።»

«እንግዲያው ዝናቡንም አብራችሁ መዝግቡት። እዚህ ቤት ከእኔ ይልቅ እሱ ነው የከረመው።»

ስወጣ ለኮሚሽኑ ፋይል አንድ ጉርድ ፎቶ ያስፈልገኛል አልኩና ተነሳሁ። ፋይሉ ፎቶ ለምን እንደሚያስፈልገው አሁን ሳስበው ግልጽ አይደለም። «አገጭዎን ትንሽ ዝቅ» አሉኝ። ከዚያ መላጣዬን ቀና ብለው አዩና፣ «አይዞዎት፣ ብርሃን አይባክንም» አሉ።

ሐሙስ

እትዬ ስለ ቤቱ ጠየቀችኝ። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ ሚስቴ ካረፈች ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው። ዳኛው የተነገረውን ይሰማሉ፤ እትዬ ያልተነገረውን።

ስለ መስታወቱ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ባልዲው ነገርኳት።

«ሴትየዋስ?» አለችኝ።

ስለ ደረጃው ደግሜ ነገርኳት። «ገባኝ» ብላ ወደ ጓዳ ሄደች። ምን እንደገባት አልጠየቅኳትም።

ማክሰኞ

ደረጃውን ለመለካት ሄድኩ። ጥሩ እንጨት ነው።

ዓርብ

ደረጃውን ደግሜ ለመለካት ሄድኩ። የማክሰኞው ልኬት አላረካኝም። ትናንሽ ነገሮች ናቸው ጥናትን የሚያበላሹት።

በዚያውም ጉርድ ፎቶ ተነሳሁ። የመጀመሪያው ላይ ክራቫቴ ጠሞ ነበር።

ከፎቶ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ በሩ ላይ ቆሞ ምላጩን እየጠረገ ነበር። ሳልፍ ወደ ውስጥ ዞር ብሎ፣ «ኮሚሽኑ ገባ» ሲል ሰማሁት። ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ሰው ሥራ ሲሠራ የሚስቅ ከተማ ነው።

ሰኞ

ስብሰባ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ኢንጂነሩ አይመዝገብ አለ። «ያ ቤት የቆመው በመሠረት አይደለም፣ በልማድ ነው» አለ። ባለ ማተሚያ ቤቱም ከእሱ ጋር ነው፤ «ሴትየዋ ልሽጥ ብለዋል። እኛን ምን አገባን?» አለ። ፋርማሲስቷ ይመዝገብ አለች። «መድኃኒት ጊዜው ሲያልፍ ይጣላል። ቤት ግን ጊዜው ሲያልፍ ነው መድኃኒት የሚሆነው» ብላ ሁላችንንም ዝም አሰኘችን፤ ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን እያሰብኩበት ነው። ዳኛው የመመዝገቡን ሐሳብ ደገፉ።

ሁለት ለሁለት። በመተዳደሪያ ደንባችን ድምፅ እኩል ከሆነ ጥያቄው ይወድቃል፣ ቤቱም ከዝርዝር ይወጣል። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ጥናቱ አላለቀም» አልኩ።

«ምን ቀረህ?» አለኝ ኢንጂነሩ።

«ደረጃው።»

ፋርማሲስቷ ማስታወሻዋ ላይ አቀርቅራ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሳል ይዟት ይሆናል፤ ፋርማሲስትም ይታመማል።

ሐሙስ

አልሄድኩም። ዝናቡ ከባድ ነበር። ባልዲዎቹን ማን ይደፋላቸው ይሆን?

ቅዳሜ

ወረቀቱ ስለራሰ ጽሑፌ አያምርም።

ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ልክ የገበያው መንገድ ላይ ነበርኩ (በአጋጣሚ)። ቀና ስል ባለ ፎቶ ቤቷ ፕላስቲክ ሸራ ይዘው ጣሪያው ጠርዝ ላይ ቆመዋል። አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል፤ ነፋሱ ሸራውን ይታገላቸዋል። ጓሮው ውስጥ ወዳለው መሰላል ሮጥኩና ወጣሁ። መውጣቱን ወጣሁ። ሸራውን ከአንድ በኩል ይዤላቸው እሳቸው በድንጋይ አስረገጡት። ከዚያ ወደ ታች አየሁ፤ ያን ጊዜ እግሬ የእኔ መሆኑን ተወ።

ከታች ሰው ተሰብስቧል። ፀጉር አስተካካዩ፣ «ኮሚሽኑ ጣሪያ ላይ ነው» እያለ ለሚመጣው ሁሉ ያስረዳል።

«መሬቱን አይዩ» አለችኝ። «ወደ እኔ ይዩ። አሁን ቀኝ እግርዎን። እኔን ይዩ ነው ያልኩት።»

አየኋት። ሳስበው ከሁሉ የቀለለው እሱ ነበር። እንደዚያ እየተያየን ወረድን።

ውስጥ ገብተን ልብሳችን እየተንጠባጠበ ሻይ ጠጣን። ልጇ ሌላ ከተማ ክፍል አዘጋጅታ እየጠበቀቻት ነው። «ቤቱን እወደዋለሁ» አለች። «ግን ጣሪያው ላይ ይወጣ የነበረው ባሌ ነው። አሁን እኔ ነኝ። በዚህ ጉልበት ሌላ ክረምት አልወጣም።»

«ከመዘገብነው እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ከመዘገባችሁት ማን ይወጣል?»

 ሻዬን ጠጣሁ፤ ብርጭቆው ባዶ ነበር።

ከላይ «አለች» እያልኩ መጻፌን አሁን አየሁ። ብርዱ ነው። ድካምም አለበት።

ሰኞ

አልጋ ላይ ነኝ። ጉንፋን።

ማክሰኞ

እትዬ ኮቴን ልታሰጣ ኪሶቹን አራግፋ ጉርድ ፎቶዎቼን ሁሉ አገኘቻቸው። አልጋዬ ላይ እንደ ካርታ ደረደረቻቸው። በአንዱ ክራቫት አለኝ፣ በአንዱ የለኝም፣ በአንዱ ፈገግ ብያለሁ።

«ኮሚሽኑ ስንት ፊት አለው?» አለችኝ።

«ለመረጃ ነው።»

«ይሁን። ለመሆኑ የቤቱን ፎቶ አንስተሃል?»

አላነሳሁም። እስከዛሬ ትዝ ያለው ሰው የለም፤ እኔንም ጨምሮ።

ሐሙስ

ጥናቱን ጻፍኩ። ትራስ ደግፎኝ፣ አፍንጫዬን እየጠረግኩ፣ ስጽፍ ዋልኩ። እንደዚህ ጽፌ አላውቅም። ብርሃኑ በመስታወቱ አልፎ የእንጨቱ ወለል ላይ እንዴት እንደሚተኛ፣ የደረጃው መደገፊያ በሰው መዳፍ እንዴት እንደለሰለሰ፣ የዚህ ከተማ ሙሽሮችና ምሩቃን ሁሉ በዚያ በር ገብተው እንዴት እንደወጡ። መደምደሚያው ግልጽ ነው፤ ቤቱ በቅርስነት ይመዝገብ፣ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ። ድምፄም ለመመዝገብ ይሆናል።

ሠላሳ ዓመት መልክዓ ምድር ሳስተምር ወንዝ ለምን እንደሚሄድ አስረዳሁ እንጂ እንዳይሄድ ማድረግ ይቻላል ብዬ አላውቅም። ይህን ለምን እንደጻፍኩት እንጃ። ትኩሳት ይሆናል።

ቅዳሜ

ጥናቱን ላነብላቸው ወሰድኩ። የባለንብረቱን አስተያየት መስማት በደንባችን አለ።

ዛሬ ፀሐይ ነበር፤ ባልዲዎቹ ደርቀዋል። ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ፤ እሳቸው ደረጃው አናት ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። ብርሃኑ የተጻፈበት ቦታ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስጨርስ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «በጣም ያምራል» አሉ። «እኔ የት ነኝ?»

«ገጽ ሁለት ላይ ባለንብረቷ ተብለው ተጠቅሰዋል።»

«ባልዲ የሚደፋው ሰውስ?»

«እሱ... በጥናቱ አልተካተተም።»

«እንዳልሸጥ ትላላችሁ። ካልሸጥኩ አልሄድም። እንዳልሄድ የፈለገው ማነው? ኮሚሽኑ ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። በቀላሉ የሚመለስ ጥያቄም ነበር። አቀበሉኝ፤ እኔ ግን ጣልኩት።

«ኮሚሽኑ ነው» አልኩ።

«እሺ» አሉና ተነስተው ካሜራቸውን መወልወል ጀመሩ። ስወጣ ፀጉር አስተካካዩ ፊቴን አይቶ ወደ ውስጥ ገባ። 

እሁድ

ለእትዬ ነገርኳት። ስለ ደረጃው ሳልገባ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ሰማችኝና፣ «ሰው እንዲቀር የሚፈልግ ሰው፣ ቅሪ ይላል» አለችኝ። «በር አይቆልፍም።»

«እኔ በር አልቆለፍኩም።»

«ጸሐፊ አይደለህ? በጽሑፍ ቆልፈሃል።»

ከዚያ ሽንኩርቱን እኔ ላጥኩት። ዓይኔ ያለቀሰው በሽንኩርቱ ነው።

ሰኞ

እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነበር። የገበያው መንገድ ሰው ግማሹ መጥቷል። ባለ ፎቶ ቤቷ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ፀጉር አስተካካዩ ከጎናቸው ነው። ገዢው ቀጭን ሰውዬ ነው፤ በሩ አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ጥናቴን አነበብኩ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ፋርማሲስቷና ዳኛው ይመዝገብ አሉ፤ ኢንጂነሩና ባለ ማተሚያ ቤቱ አይመዝገብ አሉ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «የጸሐፊው ድምፅ» አሉ።

ተነሳሁ። «ድምፅ መስጠት አልችልም» አልኩ።

«ምክንያት?»

«የግል ጉዳይ አለኝ።»

«የጥቅም ግጭት ነው የሚሉት?»

«ሳይሆን አይቀርም።»

ዳኛው እንደ ድሮው ተቃንተው ተቀመጡ፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ ከገጠማቸው ቆይቷል። «በቤቱ ላይ ድርሻ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ከባለንብረቷ ጋር ዝምድና አለዎት?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምንድን ነው ያለዎት?»

«እንዲኖረኝ እያሰብኩ ነው» አልኩ።

 ኢንጂነሩ ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጠ። የኋላ ወንበሩን ማየት አልቻልኩም።

«ባለጉዳይዋ ይህን ያውቃሉ?» አሉ ዳኛው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አሁን ሰሙ።»

«በቃለ ጉባኤው ይያዝ።»

ቁጭ ብዬ ያዝኩት። እጅግ ንጹሕ አድርጌ ጻፍኩት። ድምፅ ሁለት ለሁለት፤ ጥያቄው ወደቀ። ገዢው ፈገግ ብሎ ወጣ። ያን የመሰለ ቤት፣ ያን የመሰለ ብርሃን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገሬ ሄደ። ቀና ስል የኋላ ወንበሩ ባዶ ነው።

ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። እትዬ ፎጣ ሰጠችኝና፣ «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል» አለች። «አንተ ሁለቱንም ጨርሰሃል። እንግዲህ ከዚህ በላይ የሚደርስብህ የለም።»

ረቡዕ

ፎቶ ቤቱ ተዘግቷል። ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል። ለማንም ምንም አላሉም ይባላል።

ዓርብ

ፋርማሲስቷ መንገድ ላይ አስቁማ የሳል ሽሮፕ ሰጠችኝ። አላሳለኝም። «ለድፍረትም ይሆናል» ብላ ሄደች።

ማክሰኞ

አሮጌውን ወፍጮ ቤት አጥና ተብዬ ሄድኩ። ባለ ወፍጮው ገና ሲያየኝ፣ «የእኔ ሚስት ባል አላት» አለኝ። ጥናቱን አሳጥሬ ተመለስኩ።

ቅዳሜ

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ተቆልፏል፣ ከውስጥ ጠብታው ይሰማል። ፀጉር አስተካካዩ መንገዱን ተሻግሮ መጣና ቁልፍ እጄ ላይ አኖረልኝ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ሲሄዱ ለእኔ የተዉት ነው። ኮሚሽኑ በሩ ላይ መቆሙ አይቀርም፣ ሲቆም ስጠውና ባልዲዎቹን ይድፋ አሉ።» ትንሽ አሰበና፣ «ካልቆመ ግን አትስጠው ብለዋል» ሲል ጨመረ።

ደፋሁ። ድስቱንም ሳፋውንም። ወንበሩ ላይ ጥቂት ተቀመጥኩ። መስታወቱ ላይ ውሃ ሲሄድ ከስር ማየት፣ ወንዝን ከሆዱ ማየት ነው። ይህን ጥናቱ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር።

ሐሙስ

ደፋሁ።

ሰኞ

ደፋሁ። ገዢው ከቀያሽ ጋር መጥቶ ጓሮውን ሲለካ አገኘሁት። መሬቱ ከኋላ እስከ ሁለተኛው መንገድ ይወጣል፤ ሰፊ ነው። «የፊቱን ለምን አይለኩም?» አልኩት። «ሴትየዋ በስልክ ጓሮውን ለካ ብለውኛል» አለ። «ሌላውን ሲመጡ እንነጋገራለን ብለዋል።»

ሲመጡ። ቃሉን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ሰውዬው ደንቆሮ ሳልመስለው አልቀረሁም።

ቅዳሜ

ፀሐይ። የምደፋው የለም። ሄድኩ ግን፤ ባዶ መሆናቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ማክሰኞ

መጥተዋል። እኔን አላገኙኝም፤ በቀጥታ ወደ ዳኛው ሄደው ነገ አስቸኳይ ስብሰባ አስጠርተዋል። እትዬ ሸሚዜን ተኮሰች። ሳልጠይቃት።

ረቡዕ

ባለ ፎቶ ቤቷ ኮሚሽኑ ፊት ቆመው ራሳቸው ተናገሩ። ለገዢው ጓሮውን ብቻ ሸጠውለታል፤ ፎቁን ከኋላ፣ ፊቱን ወደ ሁለተኛው መንገድ አድርጎ ይሠራል። በዚያ ገንዘብ ጣሪያው በአዲስ ብረትና በወፍራም መስታወት ይታደሳል፤ ማንም ሳይወጣበት ከውስጥ የሚጠገን ይሆናል። ክረምት ክረምቱን ልጃቸው ዘንድ፣ በጋውን እዚህ። «አሁን መዝግቡት» አሉ። «ያኔ ልትመዘግቡብኝ ነበር። አሁን ልታስመዘግበው የመጣችው ባለቤቲቱ ናት። ይኸ ልዩነቱ ነው።»

ኢንጂነሩ የጣሪያውን ንድፍ ሲያይ ቆየና፣ «ይኸ ይቆማል» አለ። ከእሱ አፍ እንደ ዘፈን ነው የሰማነው። ባለ ማተሚያ ቤቱም እጁን አነሳ።

«ጸሐፊው አሁንም የግል ጉዳይ አላቸው?» አሉ ዳኛው፣ ሳቃቸውን በሳል እየሸፈኑ።

«አለኝ» አልኩ።

አራት ለዜሮ፣ አንድ ተአቅቦ። በቃለ ጉባኤው ተያዘ።

ስወጣ ደጁ ላይ ቆማ ነበር። ልጇ ቤት አንዲት ጠብታ አይገባም፣ ድርቅ ያለ ቤት ነው አለችኝ፤ በዝምታው ምክንያት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ከዚያ ቦርሳዋን ወደ ሌላ እጇ አዛውራ፣ «ያን ቀን እያሰብኩ ነው ብለህ ነበር» አለችኝ። «ጨረስክ?»

ጨረሱ ወይ አላለችም። ጨረስክ ነው ያለችው።

«ጨርሻለሁ» አልኩ።

እስከ ገበያው መንገድ መታጠፊያ ጎን ለጎን ሄድን። እዚያ ስንደርስ ቆምኩና፣ «አንቺ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ልል የነበረው ሁሉ ጠፋኝ።

ጠበቀችኝ። ከዚያ ክንዴን ያዘችና፣ «ለዛሬ በቂ ነው» አለች። «የቀረውን ቀስ ብለህ ትለዋለህ።»